ወረርሽኝ ሲገባ የጤና ሥርዓቱን እንዴት እንጠቀምበት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው

ወረርሽኝ ገባ ሲባል ሁላችንም ወደ ላይ ነው የምናንጋጥጠው። ጤና ሚኒስቴር ምን አለ? አዲስ አበባ ምን ተወሰነ? ዛሬስ ስንት ሰው ተያዘ? ነገሩ ግን ከላይ አይጀምርም። አንድ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ይታመማል፣ ቤተሰቡ ወይ ይናገራል ወይ ይደብቃል። ናሙናው፣ መድኃኒቱ፣ ድንኳኑ፣ ክትባቱ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያ ቤት በተናገረበት ሰዓት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስለዚህ መንገዱን ማወቅ ይጠቅማል። ወሬው በማን በኩል ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ እርዳታው በየት ዞሮ እንደሚወርድ፣ እናንተ ደግሞ የት ጋ እንደምትገቡ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከኮሌራና ከኮቪድ ናቸው። አካሄዱ ለሌላውም ይሠራል።

መጀመሪያ ለማን ይነገር?

ለጤና ኤክስቴንሽኗ። ሌላ ሰው አትፈልጉ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ገጠር ላይ ተጀምሮ በኋላ ወደ ከተማም የገባው ለዚሁ ነው፣ በር ለበር የሚያውቃችሁ ባለሙያ እንዲኖር። ስሟን ባታውቁ እንኳ «ሲስተር» ብላችሁ ጀምሩ። ቁጥሯን ግን ዛሬ ያዙ፣ ሰው ደህና ሳለ። በሽታው ሰፈር ከገባ በኋላ ስልኳ ቀኑን ሙሉ ተይዟል ነው የሚለው፣ ቢነሣም «ቆይ መልሼ ልደውል» ነው መልሱ፣ እሷም ወዳ አይደለም።

እሷን ካጣችሁ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ አለ። ሌሊት ከሆነ ወይም ማንም ካላነሣ 8335 ደውሉ፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር ነው። 952 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ነው። ሁለቱም ሂሳብ አይቆርጡም፣ ካርድ የለኝም የሚባል ሰበብ የለም።

ከዚያ ወሬው ይወጣል። ከጤና ጣቢያ ወደ ከተማው ጤና መምሪያ፣ ከመምሪያው ወደ ክልሉ፣ ከክልሉ አዲስ አበባ ወዳለው ኢንስቲትዩት። ባለሙያዎቹ ይሄን ሥራ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ፌም» ይሉታል፤ «የፌም ባለሙያ» ሲባል ብትሰሙ የወረርሽኝ ቅኝት የሚሠራው ሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሽታዎቹ በሁለት ወረፋ ነው የሚሄዱት። እንደ ወባና ታይፎይድ ያሉት ከሰኞ እስከ እሑድ ተደምረው በሳምንት አንዴ ሪፖርት ይደረጋሉ። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ቢጫ ወባ፣ አባ ሰንጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ግን ወዲያው ነው። መመሪያው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይድረስ ይላል። ደግሞ አንድ የተጠረጠረ ሰው ብቻ ይበቃል። የአንድ ሕፃን እግር በድንገት ዝሎ ከተልፈሰፈሰ ፖሊዮ ይሁን አይሁን ሳይረጋገጥ ይመዘገባል፣ ናሙናም ይወሰዳል። ስለዚህ «አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እስኪ ነገ ይንጋና እናያለን» የሚባለው ነገር ለኮሌራ አይሠራም። ኮሌራ ሲጠና በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ስትደውሉ ምን ትላላችሁ?

«ተቅማጥ የያዘው ሰው አለ» ብሎ መዝጋት ምንም አይፈይድም። ማን፣ ስንት ዓመቱ፣ መቼ ጀመረው፣ ምን ይመስላል፣ ሰሞኑን የት ነበር፣ አብሮት የታመመ አለ ወይ፣ ውሃ ከየት ነው የምትጠጡት። እንዲህ በሉ፦

«ሲስተር፣ ከሙጋድ ነው የምደውለው። እናቴ ናት፣ 60 ዓመቷ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ እንደ ሩዝ እጣቢ ያለ ውሃ ነው የሚያስቀምጣት። አምስቴ ወጥታለች፣ ሁለቴ አስመልሷታል። ሐሙስ ዕለት ቆላ ወርዳ ለቅሶ ደርሳ ነበር። የጎረቤት ልጅም ታሟል። ውሃ ከቦኖ ነው የምንቀዳው።»

ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን የፌም ባለሙያው ከዚህ ውስጥ ለቅሶውን፣ የጎረቤቱን ልጅና ቦኖውን ያወጣል፣ ሦስቱም የሚፈተሹ ናቸው። «ወጥ በልቶ ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው» የሚለውን ትንታኔ ለእናንተ አስቀሩት። አቅጣጫም በቤት ቁጥር አትንገሩ፣ ማንም አያገኘውም። ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ በር፣ ፊት ለፊቱ ወፍጮ ቤት፣ እንደዚያ ነው።

ሰው እስኪመጣ

ኮሌራ የሚገድለው የሰውነትን ውሃ ጨርሶ ነው። ስለዚህ ከስልኩ ቀጥሎ ያለው ሥራ መተካት ነው። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ማለትም ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ። ፓኬቱን ለሁለት ከፍላችሁ በግማሽ ሃይላንድ በዓይን ግምት አትበጥብጡት፣ ሲበዛም ሲያንስም ጥሩ አይደለም። እቤት ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልክ አፉ ድረስ የተስተካከለ እንጂ የተቆለለ አይሁን። ቅመሱት። ከእንባ በላይ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና ሥሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል።

አሰጣጡ ላይ ሰው ይሳሳታል። በሽተኛው ስለጠማው አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ይገለብጣል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል፣ ቤተሰቡም «አልተስማማውም» ብሎ ያቆማል። አታቁሙ። 10 ደቂቃ ጠብቁና ፉት ፉት እያደረጋችሁ ቀጥሉ። ለልጅ በማንኪያ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ገደማ፣ እስከ 10 ዓመት ላለው የዚያ እጥፍ፣ ከዚያ በላይ ላለው የቻለውን ያህል። ጡት የሚጠባ ይጥባ። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ለልጁ ዚንክ ይሰጠዋል፣ ተቅማጡ ቢቆምም የተሰጠው ቀን እስኪሞላ ይጨርሰው። ለስላሳ መጠጥ ምትክ አይሆንም፣ ስኳሩ ብዙ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የምታምኑ ካላችሁ ጠብ አልፈልግም፣ ኦአርኤሱን ግን አይተኩትም። ከፋርማሲ ተቅማጥ ማስቆሚያ ክኒን ገዝቶ መስጠት ግን ተዉት፣ በተለይ ለልጅ።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ቆዳው ቆንጠጥ ሲደረግ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ መጠጣት ካቃተው፣ አምቡላንስ እየጠበቃችሁ አትቀመጡ። ባጃጅም ቢሆን ጥሩ ነው። መንገድ ላይ እያጠጣችሁ ሂዱ።

የተፋውንና ያስቀመጠውን በተመለከተ፦ አንድ ብርጭቆ በረኪና በዘጠኝ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ። ይሄ ለወለል፣ ለባልዲ፣ ለሽንት ቤት፣ ለባጃጁ ወንበርም ነው። አፍስሱት፣ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ እጠቡ። ይሄን ለእጅ አትጠቀሙበት፣ ለእጅ ሳሙና ይበቃል። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትደባልቁ፣ መርዛም ጋዝ ያወጣል። የሚጠጣ ውሃ ወይ ይፈላ ወይ ውሃ አጋር ይግባበት፣ ልኩ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. በገባው የኅዳር በሽታ ምክንያት ነው ይባላል። ጭሱ ጀርም ባይገድልም ሰፈሩ አንድ ቀን በኅብረት መጽዳቱን ግን እወደዋለሁ። የጋራ ሽንት ቤት ላላቸው ግቢዎች ያንን ቀን በየሳምንቱ ማድረግ ነው።

ናሙናው የት ይሄዳል?

ኮቪድ መጀመሪያ ሲሰማ አገራችን ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ትልክ ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ተቻለ፣ ከዚያ ክልሎች ላይ። ደሴ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ላቦራቶሪ አላት፣ የኮቪድ ምርመራም ሲሠራ ነበር። ለኮምቦልቻ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ናሙናው ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይቀራል ማለት ነውና፣ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሄድ።

ናሙና ስትሰጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት ነው የሚሄደው፣ መቼ ይደርሳል፣ ውጤቱን የሚነግረኝ ማነው። ስልክ ቁጥራችሁ በቅጹ ላይ ሲጻፍ ራሳችሁ እዩ። አንድ ቁጥር ተሳስታ ውጤቱ ለማያውቀው ሰው የሚደወልበት ጊዜ አለ። የኮሌራ ናሙና ደግሞ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፣ ስለዚህ እቤት ምን ክኒን እንደሰጣችሁ አትደብቁ።

አንድ የሚያናድድ ነገር ላስረዳ። ኮሌራ መግባቱ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ ሁሉም በሽተኛ አይመረመርም። ምልክቱ ታይቶ ይታከማል፣ ናሙና የሚወሰደው ከጥቂት ሰው ነው። «ለእኔ እናት ምርመራ ከለከሉ» ብሎ የሚጣላ ሰው አለ። ክልከላ አይደለም። ሕክምናው ውጤት አይጠብቅም፣ ላቦራቶሪውም በማይለውጥ ነገር አይጨናነቅም።

ሕክምናውም በነፃ ነው። የወረርሽኝ ሕክምና ከክፍያ ነፃ ከተደረጉት አገልግሎቶች አንዱ ስለሆነ የጤና መድህን ደብተር ባይኖራችሁም አትቅሩ። የገንዘብ ጥያቄ ከመጣ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ለምን እንደሆነም በትሕትና አስጽፉ።

ቤታችሁ ሲመጡ

ነጭ መኪና፣ ጋውን የለበሱ ሰዎች፣ መንደሩ በሙሉ በር ላይ። እውነት ለመናገር ሰው የሚደብቀው በሽታውን ፈርቶ ብቻ አይደለም፣ ይሄንን ትዕይንት ፈርቶም ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ስልክ ላይ ተነጋገሩ። መኪናው አስፋልቱ ጋ ይቁም፣ በእግር ይግቡ፣ ልብሱን ግቢ ውስጥ ይልበሱ። በአክብሮት ከተጠየቀ ብዙው ባለሙያ እሺ ይላል፣ እሱም ሰው ነው።

የሚጠይቋችሁ ከማን ጋር እንደበላችሁ፣ ከማን ጋር እንደተኛችሁ፣ የት እንደሄዳችሁ ነው። ንክኪ ያላቸውን መለየት ይሉታል። ወረቀት ይዛችሁ ቀድማችሁ ጻፉት፣ ስምና ስልክ፣ ሰው ሲደነግጥ የወንድሙን ስም ይረሳል። ለኮሌራ ንክኪ ያለው ሰው 5 ቀን ያህል ይታያል፣ በኮቪድ ጊዜ ለይቶ ማቆያው 14 ቀን ነበር። ስም ስትሰጡ እያሳሰራችሁት አይደለም። ያ ሰው ቢታመም ቶሎ እንዲገኝ ነው።

ለይቶ ማከሚያ ከተባላችሁም አትበርግጉ። በኮቪድ ጊዜ ከደሴ በላይ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ማከሚያ ነበር። ቦሩ ሜዳ ድሮ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቅ ስለሆነ «ቦሩ ሜዳ ገባ» ሲባል ትልልቆቹ ሰዎች ይደነግጡ ነበር። ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ቻርጀር፣ ቅያሪ ልብስ፣ የምትወስዱት የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ከነማሸጊያው። አስታማሚ አንድ ሰው ነው የሚፈቀደው፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይፈቀድም። አሥር ሰው ሆኖ መሄድ በር ላይ መቆም ነው።

ሰው ከሞተ ነገሩ ከባድ ነው፣ በእኛ አገር በተለይ። በኮሌራ የሞተ ሰው ገላው ራሱ ያስተላልፋል። አጣቢዎቹ ጓንት ያድርጉ፣ በረኪናውን ጤና ጣቢያው ያዘጋጅላቸው፣ ቀብሩ ቶሎ ይሁን፣ ያጠቡት ሰዎች ምግብ አያቅርቡ። ለቅሶ መድረስ ይቻላል፣ ድንኳን ውስጥ ከአንድ ትሪ መብላት ግን ይቅር። ይሄንን የቤቱ ሰው ራሱ ቢናገር «ሰው ጠላ» ይባላል። የቅሬው (የእድሩ) ዳኛ ይናገረው፣ ሸሁ ወይም የንስሐ አባቱ አብረውት ይቁሙ። ቅሬ ካለ ብዙ ነገር ይቀላል፦ የአባላት ዝርዝር አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ተለይቶ ለተቀመጠ ቤተሰብ እንጀራ በር ላይ ማስቀመጥ ይችላል። ወረርሽኝ ሳይመጣ በፊት በአንዱ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ይነሣ፣ አጀንዳ ያዙት።

ከላይ የሚወርደው

አሁን ወደ ላይ እንመልከት። የኮቪድን ቀኖች ላስታውሳችሁ፣ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚያስብ ያሳያሉ። የአደጋ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከሉ ሥራ የጀመረው በጥር 2012 ነው፣ አንድም ታማሚ ሳይገኝ። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ አለ፣ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። በእኔ አስተያየት ጅማሬው ፈጣን ነበር። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው፣ ዓመት ሳይሞላ ጭምብሉ አገጭ ላይ ወርዶ ነበር።

ዕቃው የሚመጣው በመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል ነው፣ ደሴ ላይ ቅርንጫፍ መጋዘን አለው። መጋዘኑ የሚያወጣው ግን በሪፖርት ነው። ከጤና ጣቢያ አሥር ታማሚ ተብሎ ከተላከ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና ኦአርኤሱ ለአሥር ነው የሚሰላው። ሃምሳው እቤት ተደብቆ ከሆነ ቀኑ ሲጨልም ዕቃው ያልቃል፣ «መንግሥት ምንም አልላከም» ይባላል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጤና ተቋማቱ ተዘርፈው ሪፖርቱም ተቋርጦ ነበር፣ ወረቀት ላይ በሽታ የለም ይላል፣ ሰው ግን ይታመም ነበር። ከዚያ ወዲህ የምመክረው ነገር አለ፦ የሕክምና ካርዳችሁን፣ የመድኃኒት ማዘዣችሁንና የልጆቹን የክትባት ካርድ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለሌላ ከተማ ዘመድ ላኩ።

ክትባት ላይ አጭር ነገር። የኮሌራ ክትባት በአፍ የሚሰጥ ነው፣ ዓለም ላይ እጥረት ስላለ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወረርሽኝ በሁለት ዙር ፋንታ በአንድ ዙር ብቻ እየተሰጠ ነው፣ ቦታውም ተመርጦ ነው። ጎረቤት ቀበሌ ተሰጥቶ የእናንተ ቢዘለል ቂም አትያዙ፣ ስሌት ነው። የኮቪዱ ክትባት ሲጀመር መጋቢት 4 ቀን 2013 ቀድሞ ለጤና ባለሙያ ነበር የተሰጠው፣ አካሚው ከወደቀ ማን ያክማል?

ኮምቦልቻ ላይ የሚለየው

ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለች፣ ወባ አለባት። ስለዚህ ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ነው፣ ትክክልም ነው። ወባ የለም ከተባለ ግን ነገሩ አላለቀም። «ወባ አይደለም ተብያለሁ» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ በኮቪድ ጊዜ ስንቱን አስይዟል። ደግሞ ከተማዋ መስቀለኛ መንገድ ናት፣ በባቲና በሚሌ የሚመጣው የጂቡቲ መኪና ያልፍባታል፣ ደረቅ ወደቡም እዚያው ነው። ሾፌር የምታሳድሩ፣ ምግብ የምትሸጡ፣ ስትደውሉ ይሄን መጥቀስ አትርሱ።

የፋብሪካና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ጉዳይ ሌላ ነው። አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው፣ በአንድ ፍራሽ ሺፍት እየተቀያየሩ የሚተኙ አሉ፣ ራስህን ለይ ማለት እዚያ ቀልድ ነው። ባይሆን አንድ ነገር ይቻላል። ከአከራዩና ከጎረቤት ክፍሎች ጋር ቀድሞ ተነጋግሮ አንዷን ክፍል ለታመመ ማስለቀቅ፣ የቀሩት ለጥቂት ቀን ይጠጋጉ። ዕቃ ግን አይጋሩ፣ በተለይ ጆግና ብርጭቆ።

ብዙው የሚደብቀው ደመወዝ ይቆረጥብኛል ብሎ ነው። ሕጉን እወቁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። በቀራችሁ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ አለባችሁ፣ በቃል ለሱፐርቫይዘር ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ መልእክትም፣ ቀኑ እንዲታይ። ለይቶ ማቆያ የገባችሁ ከሆነ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ጠይቁ። ማኅተም መመታቱን ሳታዩ ደግሞ ከጤና ጣቢያው አትውጡ፤ የሰው ኃይል ቢሮው ማኅተም የሌለውን አይቀበልም፣ ለአንድ ማኅተም ብሎ እንደገና መሰለፍ ነው።